«ቡና ይፈቀዳል?»፦ እናቴን ለኮሎኖስኮፒ የወሰድኩበት ነሐሴ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ኮሎኖስኮፒ ናቸው። «ያማል ወይ?»፣ «ሙሉ በሙሉ ያስተኛሉ?»፣ «አባቴ ፈርቶ እምቢ ብሏል፣ ምን ልበለው?» ለአንዳንዶቻችሁ በአጭሩ መልሻለሁ። ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ግን እንደ ሐኪም ብቻ ሳይሆን እንደ አስታማሚም ነው። ባለፈው ነሐሴ እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። «ዕድሜዬን ብቻ እንዳትናገሪ» ስላለች የልጅ ልጆች አሏት ከማለት ሌላ አልጨምርም።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ላስቀድም። ከዚህ ሁሉ ከዓመት በላይ ቀደም ብሎ እማዬ ደውላ «ልጄ፣ ሽንት ቤት ስቀመጥ አንዳንዴ ደም አያለሁ» አለችኝ። ክሊኒክ ነበርኩ፣ በር ላይ ታካሚ ቆሟል። «ያምሻል?» «አያመኝም።» «ድርቀት አለሽ?» «እሱማ መቼ ጠፍቶ!» «ኪንታሮት ነው እማዬ፣ ውሃ ጠጪ፣ ጎመን ብዪ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። በር ላይ የቆመው ሰው ይህንኑ ቢነግረኝ ኖሮ ጓንት አድርጌ እመረምረው፣ የደም ምርመራም አዝለት ነበር። ለእናቴ የሰጠኋት ጊዜ 2 ደቂቃ አይሞላም።

ኪንታሮቱ ደግሞ በእርግጥ ነበረባት፤ ያሳሳተንም እሱ ነው። ኪንታሮት መኖሩ ከፍ ብሎ አንጀት ውስጥ ሌላ ነገር የለም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። እሷ ግን እኔን አምና ዝም አለች። በመሃል ጎረቤት «አሜባ ነው» ብላት ሁለት ጊዜ ከፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል ገዝታ ውጣለች፤ ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። በፋሲካ ዋዜማ ሽንኩርት እያቁላላች በመሃል ወንበር ስባ ቁጭ ስትል አየኋት። እማዬ ዶሮ እየሠራች ተቀምጣ አታውቅም። መዳፏን ገልብጬ ሳየው ነጭ ሆኗል። ሄሞግሎቢኗ ሲለካ 8.2 ሆኖ ተገኘ፤ ለሴት ከ12 መውረድ አልነበረበትም። በሰውነቷ የተከማቸው ብረትም አልቋል።

የወር አበባ ያቆመች ሴት ወይም ወንድ በብረት እጥረት የደም ማነስ ከያዘው «ደሙ የት እየሄደ ነው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። የብረት እንክብል ሰጥቶ መሸኘት ብቻውን አይበቃም። የእማዬ ጨጓራ በኢንዶስኮፒ ታየ፤ ደህና ነው ተባለ። ብዙ ሰው «እሰይ» ብሎ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ስፔሻሊስቱ ግን ትልቁ አንጀትም መታየት አለበት ብሎ ኮሎኖስኮፒ አዘዘ።

ኮሎኖስኮፒ ማለት ጫፉ ላይ ካሜራና መብራት ያለው፣ የጣት ውፍረት ያለውና እንደልብ የሚታጠፍ ቱቦ ነው። በፊንጢጣ ገብቶ ትልቁን አንጀት ከመጨረሻው እስከ መጀመሪያው ያሳያል። አጠራጣሪ ነገር ከተገኘ ናሙና ይወሰድበታል፤ ፖሊፕ የሚባል ትንሽ እብጠት ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቆረጣል።

ይህን ስነግራት «በዚያ በኩል? እኔን?» አለች። ከዚያ ወሬ ቀየረች። ሰኔ አለቀ፣ ሐምሌ ገባ፣ እማዬ እምቢ እንዳለች ናት።

የፈራችው ሕመሙን መስሎኝ ስለ ሕመም ስሰብክ ከረምኩ። አልነበረም። አንደኛው መራቆቱ ነው። እሱን በቀላሉ ተግባባን፤ ከኋላ የሚከፈት ጋውን ይለበሳል፣ ከላይ አንሶላ ይደረባል፣ የሚታየው ለምርመራው የሚያስፈልገው ቦታ ብቻ ነው። ሴት ነርስ አብራት እንድትሆን ጠየቅን፤ እሺ አሉን። እናንተም መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ነውር የለውም።

ሁለተኛው «ተኝቼ ባልነቃስ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ ያስፈራል። «ማደንዘዣ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው የኦፕራሲዮን ክፍል ነው፤ ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ገብቶ ማሽን የሚተነፍስለት ሰው። ለኮሎኖስኮፒ በአብዛኛው የሚሰጠው ከዚያ የቀለለ ነው። በእጅ ደም ሥር በኩል ሚዳዞላም የሚባል የሚያረጋጋና የሚያፈዝ መድኃኒት፣ ከእሱ ጋር እንደ ፔቲዲን ወይም ፈንታኒል ያለ የሕመም ማስታገሻ ይሰጣል። ሰውየው በራሱ ይተነፍሳል፣ ስሙ ሲጠራ አቤት ይላል፤ ግን አይጨነቅም፣ አብዛኛውን ነገር በኋላም አያስታውሰውም። አንዳንድ ቦታ በማደንዘዣ ባለሙያ አማካይነት ፕሮፖፎል ይሰጣል፤ ያ ጠለቅ ያለ እንቅልፍ ነው፣ ሲነቁ ግን ቶሎ ነው። የትኛው እንደሚሰጣችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንድ ነገር አልደብቃችሁም፤ በቀላሉ መድኃኒት ጊዜ ሁሉም ሰው ድብን ብሎ አይተኛም። ቱቦው ጥምዝ ላይ ሲደርስ ቁርጠትና የመነፋት ስሜት የሚሰማው አለ። ያኔ ዝም ብሎ መቻል አያስፈልግም፤ «አመመኝ» ይባላል፣ አየሩ ይቀነሳል ወይም መድኃኒት ይጨመራል።

ሦስተኛውን ፍርሃት የነገረችኝ አንድ ማታ መብራት ካጠፋን በኋላ ነው። «ፈዝዤ የማይወራ ባወራስ?» አለችኝ።

ሳልስቅ ለመመለስ ታገልኩ። እውነቱን ነገርኳት። አንዳንድ ሰው ያጉተመትማል፤ በብዛት የሚባለው ግን «አለቀ እንዴ?» ነው። ባለሙያዎቹ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው። ቢሰሙም የታካሚን ነገር አያወጡም። እኔ ደግሞ ውጭ ነው የምጠብቀው። «አንቺ አትገቢም?» «አልገባም።» «እንግዲያው ቀጠሮ ያዢ» አለች። ሁለት ወር የያዘን ይህ ነበር። ወላጆቻችሁ እምቢ ሲሉ «ምንም አይደለም» ከማለታችሁ በፊት የፈሩትን ጠይቋቸው፤ መልሱ እናንተ የገመታችሁት ላይሆን ይችላል።

ቀጠሮው ፍልሰታ ላይ ዋለ። እማዬ ፍልሰታን የምትጾመው በጥብቅ ነው፤ ማዕከሉ ደግሞ ከ3 ቀን በፊት ጀምሮ ገለባና ፍሬ የበዛበት ምግብ እንድትተው አዘዘ። ምስር የለም፣ ሽሮ የለም፣ ጎመን የለም፣ ቆሎ የለም፣ ተልባና ሰሊጥ የለም። የጤፍ እንጀራ ራሱ ሙሉ እህል ስለሆነ እነዚያን ቀናት ተወችው። «ሽሮ የሌለበት ጾም ምን ጾም ነው?» እያለች ነጭ ሩዝ፣ የተላጠ ድንች ቅቅል፣ ነጭ ዳቦና መኮሮኒ በላች። የጾም ወቅት ካልሆነ እንቁላልና ዓሣም ይቻላል። የብረት እንክብሏን ደግሞ ከ1 ሳምንት በፊት አቆመች፤ ብረት ሰገራን አጥቁሮ ስለሚያጣብቅ ካሜራውን ይጋርደዋል።

መድኃኒት ነክ ነገር ካነሳሁ አይቀር፦ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ኢንሱሊን ወይም የስኳር እንክብል የምትወስዱ ሰዎች በራሳችሁ አታቁሙ፣ በራሳችሁም አትቀጥሉ። ቀጠሮ ስትይዙ ተናገሩ፤ የሚቆምበትን ወይም የሚቀነስበትን ቀን ሐኪሙ ይነግራችኋል። የደም ግፊት መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ በትንሽ ውሃ ይወሰዳል፤ ያም ቢሆን ጠይቁ። እርግዝና፣ አለርጂ፣ አስም፣ የልብ ሕመም፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚያቋርጥ ማንኮራፋት፣ ከዚህ በፊት በማደንዘዣ የደረሰ ችግር፣ መጠጥ፣ ጫት፣ የእንቅልፍ መድኃኒት ካለ ሳትደብቁ ንገሯቸው። የሚጠይቋችሁ የመድኃኒቱን መጠን ለመወሰን እንጂ ለመፍረድ አይደለም።

ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ምግብ የለም፤ ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ነው። ውሃ፣ ሻይ፣ በውሃ የተበጠበጠ ማር፣ የተጠለለ የአትክልት መረቅ። ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መጠጥ አይጠጣም፤ አንጀት ውስጥ ደም ይመስላል። ቤሶና አጥሚት ፈሳሽ ቢሆኑም ጥርት ያሉ ስላልሆኑ አይሆኑም። እማዬ ይህን ሁሉ ሰምታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «ቡና ይፈቀዳል?» ወተት እስካልገባበት ድረስ ይፈቀዳል አልኳት። ከዚያ በኋላ ፊቷ ተፈታ።

መጾም እናቴን አያስፈራትም። ያስቸገራት መጠጣቱ ነው።

የአንጀት ማጽጃው 4 ሊትር ነው፤ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት። ግማሹ ማታ ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ግማሹ ከሌሊቱ 10 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ይጠጣል፤ ቀጠሯችን ከጠዋቱ 3:30 ነበር። በየ15 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ማለት ነው። ጣዕሙ ጨው ያለበት የጠበል ዓይነት ነው አለች፣ እሷ ናት ያለችው። ፍሪጅ ውስጥ ስናቀዘቅዘውና ትንሽ ሎሚ ስንጨምቅበት ተሻለ። 5ኛው ብርጭቆ ላይ አቅለሸለሻት፤ ግማሽ ሰዓት አረፍ ብላ ቀጠለች። የሌሊቱን ግማሽ ብዙ ሰው «አሁንማ ጸድቷል» ብሎ ይተወዋል፤ አትተዉት። ሌሊቱን ከትንሹ አንጀት የሚወርደውን የሚያጥበው እሱ ነው። በደንብ ያልጸዳ አንጀት ውስጥ ትንሽ ፖሊፕ አይታይም፤ ድካሙም ገንዘቡም ባክኖ እንደገና ሊታዘዝ ይችላል። ጸድቷል የሚባለው የሚወጣው ነገር ጥርት ያለ፣ የሽንት ቀለም ያለው ፈሳሽ ሲሆን ነው።

ስለ ውሃም ልንገራችሁ፣ ይህን መመሪያው ላይ አላየሁትም። የእማዬ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት እየተመላለሱ ቧንቧው ቢደርቅ አስቡት! በርሜሉንና 3 ጀሪካን ከቀትር በፊት ሞላን። ሽንት ቤቱ የጋራ ከሆነ ደግሞ ያን ሌሊት ዘመድ ቤት ማደር ይሻላል። ለስላሳ ሶፍትና ቫዝሊን አዘጋጁ፤ ከ10ኛው ምልልስ በኋላ ታመሰግኑኛላችሁ። አዛውንት ከሆኑ ሰው አብሯቸው ይደር፤ ሌሊት ተቻኩሎ ሲነሱ ራስን አዙሮ መውደቅ አለ። ራስ ማዞሩ ወይም ማስታወኩ ከበረታ፣ የሚጠጣው ሁሉ አልረጋ ካለ ወደ ማዕከሉ ይደወል።

ጠዋት ጠበል ልጠጣ አለች። ለፈሳሽ የተሰጠን የመጨረሻ ሰዓት ከምርመራው 2 ሰዓት በፊት ነበር፤ ጠበልም ውሃ ነውና ከ1:30 በፊት በሲኒ ጠጣች። ፖሊፕ በኤሌክትሪክ ሊቆረጥ ስለሚችል ብረት ነገር ይወልቃል፤ ነርሷ ቀለበቷንና የብር መስቀሏን አስወልቃ ለእኔ ሰጠችኝ፣ ማተቡን ግን አልነካችባትም። እማዬ ስለ ማተቧ ፈርታ እንደነበር ያወቅኩት ስትተነፍስ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። እጇ ላይ መርፌ ተተከለ፣ ጣቷ ላይ ኦክስጅን የሚለካው ተደረገ፣ አፍንጫዋ ላይ ቀጭን የኦክስጅን ቱቦ። በግራ ጎኗ ጉልበቷን ሰብስባ ተኛች። «ማዘር፣ አሁን ትንሽ ያፈዝዎታል» ሲሏት ሰማሁ፣ በሩ ተዘጋ።

ምርመራው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ውጭ ተቀምጬ ሰዓት መቁጠር ጀመርኩ። ሐኪም መሆን ውጭ ላይ ጥቅም የለውም፤ እንዲያውም ይብሳል። 30 ደቂቃ ሲያልፍ አንድ ነገር አግኝተዋል አልኩ። 45 ሲሆን ያ የ2 ደቂቃ ስልክ ጆሮዬ ላይ ይደውል ጀመር። የብር መስቀሏን እጄ ውስጥ ጨብጬው ነበር፣ ስነሳ መዳፌ ላይ ታትሟል።

ስፔሻሊስቱ ወጥቶ ፎቶውን አሳየኝ። በአንጀቷ የታችኛው ክፍል፣ በግንድ የቆመ እንጉዳይ የመሰለ፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ፖሊፕ። በሽቦ ቋጠሮ ይዞ በኤሌክትሪክ ከሥሩ ቆርጦታል፤ ሲቆረጥ ታካሚው አይሰማውም፣ የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን መቆረጥን እንደ ቆዳ አያውቀውም። ሙሉ በሙሉ መውጣቱን፣ ወደ ፓቶሎጂ እንደሚላክ ነገረኝ። አንድ ለአንድ በሐኪም ቋንቋ ተነጋገርን፣ እኔም በሐኪም ፊት ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ማገገሚያ ክፍል ስገባ እማዬ ዓይኗን ገለጠችና «መቼ ነው የሚጀምሩት?» አለችኝ። አልቋል አልኳት። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደግማ ጠየቀች፣ ከዚያም ሦስተኛ። ሚዳዞላም እንደዚህ ነው። ስፔሻሊስቱ መጥቶ ውጤቱን በትዕግሥት አስረዳት፤ «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያለች ሰማችው። ቤት ስንደርስ «ሐኪሙ አንዲት ቃል ሳያናግረኝ ሄደ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብላ ተቀየመችው። ለዚህ ነው አስታማሚ የሚያስፈልገው፤ ውጤቱን እሱ ይስማ፣ ይጻፍ።

የሚያስቀውን ልንገራችሁ። ምርመራው ላይ አንጀቱን ለመክፈት አየር ይነፋል፣ ያ አየር መውጣት አለበት። ነርሷ «ማዘር፣ ጋዙን አይያዙት፣ ያውጡት» አለቻት። እማዬ አየችኝ። «ልጄ ፊት?» እኔ ከመጋረጃው ውጭ ወጣሁ። ሰው ሁሉ የሚያፍርበት ይህ ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ የምሥራች ነው፤ ከያዙት ቁርጠቱ ይቆያል።

ያን ዕለት መኪና መንዳት፣ ወረቀት መፈረም፣ ምድጃ ላይ መሥራት፣ መጠጥ መጠጣት ክልክል ነው፤ ነቃሁ ቢሉም አእምሮው ገና አልነቃም። ብቻን በታክሲ መሄድም አይሆንም። እማዬ ሾርባ ጠጥታ እስከ ማታ ተኛች።

አደጋ የለውም አልላችሁም። አንጀት መበሳት ለምርመራ ብቻ በሚደረግ ኮሎኖስኮፒ ከ1000 ሰው አንድ የማይሞላ ላይ የሚደርስ ነው፤ ፖሊፕ ሲቆረጥ በመጠኑ ይጨምራል፣ መድማትም አለ፤ መድማቱ እስከ 2 ሳምንት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ትንሽ የደም ነጠብጣብ ላያስጨንቅ ይችላል። የማይለቅ ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የደረቀ ሆድ፣ ትኩሳት፣ የረጋ ወይም ብዙ ደም፣ ራስን መሳት ከመጣ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

የፓቶሎጂው ውጤት 12 ቀን ቆየ። እማዬ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ፍልሰታ ተፈታ፣ እንጀራዋን በላች፣ እኔ ብቻ ስልኬን አያለሁ። ውጤቱ መጣ፦ ካንሰር አይደለም፣ ግን ሴሎቹ ወደዚያው መቀየር ጀምረዋል፤ ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ ማለትም በሙሉ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ፖሊፕ ሳይቆረጥ ቢቆይ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችል ነበር። ድጋሚ ምርመራ ከ3 ዓመት በኋላ ነው። እኔና እህቴም 40 ሲሞላን እንድንመረመር ተነገረን፤ ወላጅ ወይም ወንድም እህት ላይ እንዲህ ያለ ፖሊፕ ወይም ካንሰር ከተገኘ የቤተሰቡ መመርመሪያ ዕድሜ ቀደም ይላል። አሜሪካ የምትኖሩ ተከታታዮቼ፣ እዚያ ምንም ምልክት ለሌለው ሰው እንኳ ከ2021 ወዲህ ምርመራው እንዲጀመር የሚመከረው ከ45 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ሐኪማችሁ ሲነግራችሁ አታሳልፉት። እዚህ አገር ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ምልክት ሲኖር ስለሆነ ምልክቱን አለመደበቅ የእኛ ፋንታ ነው፦ ደም፣ ከወትሮው የተለየና ሳምንታት የቆየ ድርቀት ወይም ተቅማጥ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ። ወጣት ነኝ ብላችሁም አትተዉት።

ውጤቱን በነገርኳት ቀን ያንን ስልክ አነሳሁባት። «ያኔ ኪንታሮት ነው ብዬሽ ዘጋሁብሽ እኮ» አልኳት። ሲኒዋን እያጠበች ነበር። «እኔም ደሙ እንዳልተወኝ ደግሜ አልነገርኩሽም» አለች። «ሥራ ላይ ነሽ ብዬ።» ሁለታችንም ዝም አልን። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ስደውል እንደ ታካሚ እጠይቃታለሁ፤ ይሰለቻታል፣ ግን ትመልሳለች።

በጽዋ ማኅበሯ ስለ ኮሎኖስኮፒ የምታወራው አሁን እሷ ናት። ስለ መኮሮኒው፣ ስለ በርሜሉ፣ «ምንም አላወራሁም፣ ነርሷን ጠይቄያለሁ» እያለች። ባለፈው ሳምንት ማታ ደወለችልኝ። ድምፅ ማጉያ ላይ ናት፣ ከኋላ ሴቶች ይሰማሉ። አንዲት ጎረቤቷ ሐኪም አዞላት ወር ሙሉ ስታመነታ ቆይታለች አሉ።

«ልጄ፣ እትዬ አላመነችኝም፣ አንቺ ንገሪያት። ቡና ይፈቀዳል አይደል?»

«ይፈቀዳል» አልኩ። «ወተት ብቻ አይግባበት።»